ባልዲውን አሽትቱት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ኩታበር ተወልጄ ደሴ ያደግሁ፣ 31 ዓመት በወሎ ሆስፒታሎች ነርስ ሆኜ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። በመጨረሻዎቹ 4 ዓመታት የሆስፒታል ሥራ አመራር ቦርድ ላይ የሠራተኛ ተወካይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ጉልበቴ የደሴን ዳገት እምቢ ብሏል። አፌ ግን እግዜር ይመስገን ደህና ነው።

በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች የተማከሩ ይመስል አንድ ጉዳይ ላይ አረፉ። የመንግሥት ሆስፒታል ሥራ ለግል ድርጅት ሲሰጥ ምን ይመጣል? የጠያቂዎቹንም የሆስፒታሎቹንም ስም ትቻለሁ። ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው፤ ወሬ ደግሞ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንዴት ሰነበቱ? እኔ በደቡብ ወሎ በአንዲት ከተማ የቅሬ (የእድር) ሰብሳቢ ነኝ። አዲስ የመንግሥት ሆስፒታል ተሠርቶልን ሊከፈት ነው። ግንባታው ሲጀመር ቅሬያችን ከሣጥኑ ገንዘብ አውጥቷል። ገበሬው ድንጋይ አመላልሷል። ሴቶቹ ለሠራተኛው ቡናና ንፍሮ ሲያቀርቡ ከርመዋል። አሁን የምንሰማው ጽዳቱ፣ ላውንደሪው፣ ምግቡና ጥበቃው፣ ይባስ ብሎ መድኃኒት ቤቱና ላብራቶሪው ለግል ድርጅት ሊሰጥ ነው የሚል ነው። ወጣቶቹ “ሆስፒታላችን ሳይከፈት ተሸጠ” ይላሉ። ሽማግሌዎቹ “መንግሥት ያውቃል” ይላሉ። ከመስጊድ ስወጣም ለቅሶ ቤትም ሰው ይዞ ይጠይቀኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርዎ። “ተሸጠ” የሚለውን ቃል አስቀድመን ከመንገድ እናንሳው። ሕንፃው፣ አልጋው፣ ሐኪሙና ነርሱ የመንግሥት ሆነው ይቀጥላሉ። ለድርጅቱ የሚሰጠው ሥራው ነው፤ በውል፣ ለተወሰነ ጊዜ። ይሄ ደግሞ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። መንግሥት የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂውን ያጸደቀው በ1990 ዓ.ም ነው። ሆስፒታሎች ያስገቡትን ገንዘብ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት፣ በቦርድ እንዲመሩ፣ ከሕክምና ውጪ ያሉ ሥራዎችን ለሌላ ድርጅት በውል እንዲሰጡ በር የከፈተው እሱን ተከትሎ የመጣው ማሻሻያ ነው። በስብሰባ ላይ “የመንግሥትና የግል አጋርነት” የሚል ቃል ከሰሙ ግን ጆሮዎን ያቁሙ። እሱ ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1076 የሚመራ፣ ብዙ ዓመት የሚያስር ትልቅ ውል ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ አስለዩ።

ይህን ያልኩት ወጣቶቹን “አልገባችሁም” ብለው እንዲያባርሩልኝ አይደለም። ፍርሃታቸው ውሃ ያነሳል። አንድ ሌሊት ልንገርዎ።

በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ጽዳቱ በጨረታ ለድርጅት ተሰጠ። የመጀመሪያውን ወር ሁላችንም ወደድነው። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ አዲስ ባልዲ፣ ኮሪደሩ እንደ መስታወት። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከቀዶ ሕክምና የወጡ ሰዎች የሚተኙበት ክፍል አንዲት ልጅ ወለሉን ትወለውላለች። እግሯ ላይ ያደረገችው ነጠላ ጫማ ነው። ባልዲው አጠገቤ ስለነበር ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ምንም። ውሃ። በረኪና የሚባል ነገር አልነካውም። “ልጄ፣ በረኪናው የት ሄደ?” አልኳት። “የሳምንቱ ሐሙስ አለቀ” አለችኝ። መወልወያውን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። ከሽንት ቤት። ሌላ መወልወያ አልተሰጣትም።

በበረኪና የሚቀልድ ሰው አልወድም። 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ። ደም የነካውን ወለል የምናጸዳው በዚህ ነው። ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም፤ አፍንጫ ይበቃዋል።

ጠዋት ከልጅቷ ጋር አልተጣላሁም። ቢሮ ገብቼ ውሉ ይውጣልኝ አልኩ። ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ስለ ክፍያና ስለ ክርክር ያወራል። ስለ ጽዳቱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ “ድርጅቱ የሆስፒታሉን ንጽሕና በሚገባ ይጠብቃል።” በሚገባ! በሚገባ ስንት ሊትር ነው? አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። ያንን ውል ካጸደቁት እጆች አንዱ የኔ ነበር። “ዝቅተኛው ዋጋ ይሄ ነው” ተባልን፤ እጃችንን አወጣን፤ ሻይ ጠጣን፤ ተበተንን።

ነገሩ እንዲህ ነው ጋሼ። በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ድርጅት ግብሩን ሊተው አይችልም። ትርፉንም አይተውም። ሊቆርጥ የሚችለው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከሳሙናውና ከልጅቷ ደመወዝ።

ላውንደሪው ላይ ደግሞ የአገራችን አየር አለ። የደሴን ክረምት ያውቁታል፤ ፀሐይ በብድር ነው የምትወጣው። ማድረቂያ ማሽን የሌለው ድርጅት አንሶላ አጥቦ፣ እርጥቡን አጣጥፎ፣ ደረቅ ነው ብሎ አስፈርሞ ሲሄድ አይቻለሁ። ወልዳ የተኛች እናት ከሥሯ እየበረዳት ጋቢዋን ከባሏ ትከሻ ላይ አውርዳ አነጠፈችው። ስለዚህ ላውንደሪውን ለድርጅት እንሰጣለን የሚል ሰው ካለ፣ ማሽኑን ሄዳችሁ እዩት። ወረቀት ላይ ያለ ማሽን አንሶላ አያደርቅም።

እንግዲህ ሰዎቹ ሲጠይቁዎት፣ “ውሉን አይተን እንነግራችኋለን” ይበሏቸው። በሆስፒታሉ ቦርድ ውስጥ የሕብረተሰብ ተወካይ አለ። ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ብዙ ቦታ ሕዝቡ ተወካዩን አያውቀውም፤ ተወካዩም ሕዝቡ አይመጣበትም። ቅሬው ሰብሰብ ብሎ ቤቱ ይሂድ። ይህን ይጠይቅልን በሉት። በአንድ ክፍል በአንድ ፈረቃ ስንት የጽዳት ሠራተኛ ይቆማል? በረኪናውና ሳሙናው በሊትርና በኪሎ ተጽፏል ወይ? ለሽንት ቤትና ለታካሚ ክፍል መወልወያው የተለያየ ነው ወይ? ከሁሉም በላይ፣ ለድርጅቱ ክፍያ ከመውጣቱ በፊት የየክፍሉ ኃላፊ ነርስ “ተጸድቷል” ብላ ትፈርማለች ወይ? ይቺን ፊርማ አጥብቄ ነው የምይዛት። ፋይናንስ ክፍል የተቀመጠ ሰው ባልዲ አያሸትም።

የራሴን ሐሳብ ከፈለጉ፤ ካፍቴሪያውን ይስጡት፣ የመኪና ማቆሚያውን ይስጡት፣ አትክልቱንም ይስጡት። ጥበቃውም ግድ የለኝም፤ በር ላይ አስታማሚ የሚያመናጭቅ ዘበኛ በመንግሥትም አይተናል። ጽዳቱን እንዳልኩት ባለ ውል ብቻ። ላውንደሪውን ባይሰጡት እመርጣለሁ። መድኃኒት ቤቱንና ላብራቶሪውን? ቀጥሎ ያለውን ደብዳቤ ያንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከተሁለደሬ ነው የምጽፍልሽ። የ9 ዓመት ልጄ አስም አለባት። የጤና መድን ደብተራችንን በየዓመቱ እናድሳለን። ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈን ሆስፒታል ስንሄድ በደብተሩ ነው የምንታከመው። አሁን የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤትና ላብራቶሪ ለግል ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ። ደብተራችን ዋጋ ያጣል ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ ካንቺ ወረዳ መምጣቱ ደስ አለኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ተሁለደሬ ነበር። ሌሎቹ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ናቸው። እናንተ ለአገሩ ሞካሪ ነበራችሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የመጠየቅ መብት አላችሁ ብል አላጋነንኩም።

ደብተሩ የሚሠራው መድኑ ውል በገባበት ቦታ ነው። ሆስፒታሉ ከመድኑ ጋር ውል አለው። አንድ የግል ድርጅት እዚያው ግቢ ውስጥ መስኮት ከፍቶ መድኃኒት ቢሸጥ ግን ግቢው ውስጥ ስለሆነ ብቻ ደብተርሽን አይቀበልም። ውሉ ላይ “የመድን አባላትን በደብተር ያስተናግዳል” ተብሎ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ በሆስፒታል ግቢ ቆመሽ በኪስሽ ትገዣለሽ። ላብራቶሪም እንደዚያው። ሐኪሙ ምርመራ ያዛል፤ መስኮቱ “በጥሬ ገንዘብ ነው” ይላል። ሐኪሙ ያለ ውጤት ምን ያድርግ? መድኑ የሐኪሙን ወንበር ከፍሎልሽ ምርመራውን ካልከፈለልሽ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎሽ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ነው መድኃኒት ቤትና ላብራቶሪ ከጽዳት ጋር በአንድ ጨረታ መደባለቃቸውን የማልወደው። እነዚህ “ከሕክምና ውጪ” የሚባሉ ሥራዎች አይደሉም። ሕክምናው ራሱ ናቸው።

አሁን ያለው ደግሞ ማር ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። በመንግሥት መስኮት “የለም” ተብሎ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛ ከተማ ለከተማ የዞረች እናት ስንት አይቻለሁ! ደሴ የመድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ መጋዘን እያለ የአስም መድኃኒቱን ሳልቡታሞልን አጥታ የተመለሰች ሴት በር ላይ አልቅሳብኛለች። ግን ለዚህ መፍትሔው የተሸጠውንም ያለቀውንም ቆጥሮ መያዝ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ የተዛመተ፣ እያንዳንዷ ፍሬ ኦዲት የምትደረግበት የመድኃኒት ቤት አሠራር አለ። ዋጋው ይለጠፋል፤ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ምን እንደቀረ በየወሩ ይታወቃል። አዲሱ ሆስፒታል በዚያ ቢጀምር መስኮቱን ለሌላ መስጠት አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማንም ያስተዳድረው ማን፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤችአይቪ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት የጤና ተቋም በነጻ ነው። ለነዚህ ገንዘብ የጠየቀሽ ሰው ካለ ደረሰኝ ተቀበይና ቦርዱ ዘንድ ሂጂ። ለልጅሽ ምሕረቱን ያውርድላት። ከሰል የሚጨስበት ክፍል አታስተኛት።

ጥያቄ፦ ክብርት ሲስተር፣ ኮምቦልቻ መምህር ነኝ። በሻይ ሰዓት “ፈረንጅ አገር ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እኛ ብቻ እንጮሃለን” ብለው ተከራከሩኝ። መልስ አጣሁ። በእርግጥ ውጭ አገር ተሳክቷል?

መልስ፦ መምህር፣ ለሻይ ክርክር ሁለት ስንቅ ልስጥዎ።

አንዱ አውስትራሊያ ነው። ፐርዝ አካባቢ ፊዮና ስታንሊ የሚባል አዲስ የመንግሥት ሆስፒታል በፈረንጆች 2014 ተከፈተ። ከሕክምና ውጪ ያሉትን ሥራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ሰርኮ የተባለ ኩባንያ እስከ 20 ዓመት ሊራዘም በሚችል ውል ያዘ። እዚያ ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ማጽዳትና ማምከንም ነበረበት። ብዙ አልቆየም። መሣሪያዎቹ በሚገባ ሳይጸዱ ይመጣሉ የሚል ችግር ተነሣ፤ በ2015 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ያንን ሥራ ከኩባንያው ወሰደው። ሌላው ሥራ ቀጠለ። እኔ ከዚህ የማየው መስመሩን ነው። መሣሪያ ማምከን በወረቀት ላይ “ከሕክምና ውጪ” ይመስላል። እኛ ጋ የተጠቀለለ መሣሪያ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው ማሽን) 121 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ይቆያል። ያቺን 30 ደቂቃ 20 ያደረገ ሰው ቢላዋውን ወደ ሰው ሆድ እንደላከ ይቁጠረው።

ሁለተኛው ከአህጉራችን ነው። ሌሶቶ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ላይ ንግሥት ማሞሃቶ የሚባል ሆስፒታል በ2011 ከፈተች። ተራራ ላይ ያለች አገር ናት፤ ሳስባት ወሎን ትመስለኛለች። እዚያ የተሰጠው ጽዳት ብቻ አይደለም፤ ሕንፃውም ሕክምናውም፣ ለ18 ዓመት። በደቡብ አፍሪካ ድርጅት የሚመራ ቡድን ያዘው። እውነት መናገር ካለብኝ ሕክምናው ከአሮጌው ሆስፒታል ተሻለ። ይሄን የጻፉ ጥናቶች አሉ፤ ልደብቅዎ አልችልም። ገንዘቡ ግን አገሪቱን ያዛት። ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት በ2014 ይህ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ከጤና በጀቱ ግማሽ በላይ እየበላ ነው ብሎ ጻፈ። የዓለም ባንክ በስሌቱ አልተስማማም። በቁጥሩ ሲከራከሩ ቆዩና በ2021 መንግሥት ውሉን አቋረጠው። እስቲ ያስቡት፣ ዋና ከተማው ላይ ጥሩ ሆስፒታል አለ፤ ተራራው ላይ ላለው ጤና ጣቢያ የሚተርፈው ስንት ነው? ደሴ ላይ ያለ ሆስፒታል እየበላ የደላንታና የመቅደላ ጤና ጣቢያ ቢጾም ምን እንላለን?

እና ለባልደረቦችዎ፣ “ፈረንጅም ጮኋል፤ ጮሆም አስመልሷል” ይበሏቸው። ሻዩን እነሱ ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔ ወልዲያ አንድ የጽዳት ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዕትም “የጨረታ ጽዳት” ብለሽ አሹፈሽብናል። የመንግሥት ጽዳት ሠራተኛ እንዴት እንደሚሠራ ረሳሽው? ደግሞስ ሆስፒታሉ ሦስትና አራት ወር ክፍያ ሲያስቀርብን በረኪናውን በምን እንግዛ? ይሄንንም ጻፊልን።

መልስ፦ ልጄ፣ ጻፍኩልህ። ይሄው።

ደግሞም እውነትህን ነው። የመንግሥት ቋሚ ሆና፣ “ማን ይነካኛል” ብላ፣ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ጀርባ የምትተኛ የጽዳት ሠራተኛ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ቀስቅሻት ሁለት ጊዜ ሰድባኛለች። ከሥራ ማሰናበት? ሦስት ኮሚቴ፣ ዘጠኝ ቃለ ጉባኤ። አንተ ያለህበት ዓይነት ድርጅት ቢሆን በማግስቱ ሌላ ሰው ይመጣ ነበር። ይሄን አልክድም።

የክፍያው ነገር ግን አዲስ ነገር አሳየኝ። ያንን ባልዲ ሳሸት እኔ የረገምኩት ድርጅቱን ነበር። ለምን በረኪና እንዳልገዛ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ አብራኝ ቦርድ ላይ የነበረችውን ጓደኛዬን ደወልኩላት። “ያኔ ክፍያ በጊዜ ይሄድ ነበር?” ብላት ሳቀች። የዓመቱ መጨረሻ ላይ በጀት ሲመለስ እንዳይወሰድ ነበር አሉ በጥድፊያ የሚከፈለው። ወይ ጉድ።

ስለዚህ ውሉ ላይ ግዴታው በሁለቱም ወገን ይጻፍ። ሆስፒታሉ በ30 ቀን ይክፈል፤ ካልከፈለ ቅጣት ይኑረው። ድርጅቱ በረኪና ካላቀረበ ከውል ማስከበሪያው ይቆረጥ። ያኔ አንተም አታለቅስም፣ እኔም አላሾፍም። በኩር ጋዜጣ ላይ የሚወጡትን የጨረታ ማስታወቂያዎች ሥራህ ስለሆነ ሳታነባቸው አትቀርም። እስቲ ከሆስፒታሎቹ ጨረታ ስንቱ ይህን እንደጻፈ ቆጥረህ ላክልኝ። የምጠይቅህ ለጽሑፍ ነው፤ አታኩርፍ።

ጥያቄ፦ የግል ክንፍ የሚባለውስ? እሱም ለግል መስጠት ነው? በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ለባለ ገንዘብ ሌላ አልጋ አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም፤ የሚሠሩት እነዚያው የመንግሥት ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው፣ ከመደበኛ ሰዓት ውጪ፣ ከፍ ባለ ክፍያ። ገቢው ለሆስፒታሉና ለሠራተኞቹ ይከፈላል። የታሰበው ስፔሻሊስቶች ተጨማሪ ገቢ አግኝተው ከተማውን ጥለው እንዳይሄዱ ነው። ደሴም ሆነ ወልዲያ ስፔሻሊስት አምጥቶ ማቆየት ምን እንደሚመስል ስለማውቅ አልቃወምም። አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ። በቀን “ቀጠሮዎ ከሦስት ወር በኋላ ነው” ያለዎት ክፍል፣ ማታ በግል ክንፍ “ዛሬውኑ” ካለዎት፣ ሁለቱን የቀጠሮ ወረቀቶች ይዛችሁ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮ ግቡ። ብዙ አትናገሩ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሆስፒታል ውስጥ 11 ዓመት በጽዳት ሠርቻለሁ። ቋሚ ነኝ። አዲሱ ሆስፒታል ሲከፈት ወደዚያ ትዛወራላችሁ፣ ግን በኤጀንሲ ትቀጠራላችሁ እየተባለ ነው። ፎርም ይመጣል አሉን። ልጆች አሉኝ። ፈራሁ። ልፈርም?

መልስ፦ እቴ፣ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ሳታስነብቢም እንዳትፈርሚ።

ፎርሙ ላይ “በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ” የሚል መስመር ካለ እጅሽን አንሺ። እሱን የፈረመች ሰው የ11 ዓመት አገልግሎቷን በገዛ እጇ ነው የምትዘጋው። “መዛወር” ከሆነ የመዛወሪያ ደብዳቤ ይሰጥሽ፣ ደመወዝሽና ደረጃሽ ተጽፎበት። በቃል የተነገረሽን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቂ። ብቻሽን አትግቢ፤ አምስት ስድስት ሆናችሁ ግቡ። ወረዳው ሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤትም ሂዱ።

በኤጀንሲ የምትቀጠሪ ከሆነ ደግሞ የሚገዛሽ ሌላ ሕግ ነው፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ቀኑ ከ8 ሰዓት፣ ሳምንቱ ከ48 ሰዓት አይዘልም፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ይከፈላል። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። የጡረታ መዋጮም አይቀርም። ካንቺ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። መቆረጡን ብቻ ሳይሆን መግባቱንም አረጋግጪ። ቆርጠው የማያስገቡ አሉ። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ግን ለግል ድርጅት እስካሁን አልተቆረጠም። ስለዚህ ስንት እንደሚከፍሉሽ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ውሉ ላይ በቁጥር እይው።

ለአለቆችሽ የምነግራቸውም ነገር አለኝ፤ ይቺን ገጽ አንብቢላቸው። ሕፃናት ክፍል ስሠራ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ያንን ክፍል 14 ዓመት ጠርጋዋለች። አንድ ሌሊት መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣችና፣ “ሲስተር፣ የአራት ቁጥሩ ልጅ ዝም ብሏል” አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ የነበረ ልጅ ነው። እናቱ ደክሟት እንቅልፍ ወስዷታል፤ እኔ ሌላ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ዝምታውን የሰማችው እሷ ናት። ሮጥን። ከንፈሩ ጠቁሯል። ኦክስጅን ላይ ነበር፤ ቱቦው ተጣጥፎ ከትራሱ ሥር ገብቷል። አስተካከልነው። ልጁ እንደገና ሲያለቅስ ሦስታችንም አብረን አለቀስን። ያንን የሚጽፍ ጨረታ የለም። ድርጅቱ ጽዳቱን ሲይዝ እሷ ወደ ግቢ ጽዳት ተዛወረች። ከዚያ በኋላ ሕፃናት ክፍሉን ይጠርጉ የነበሩት ልጆች በየሁለት ወሩ ይለዋወጡ ነበር። ስማቸውን ሳልይዝ ይሄዳሉ። እነሱም ልጁ ሲያለቅስ የቱ ማልቀስ ደህና እንደሆነ ሳያውቁ ይሄዳሉ።

የመጨረሻው ያንቺ የራስሽ ጤና ነው። መርፌ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መግባት ሲገባው ጥቁሩ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል፤ ጓንቱን ወግቶ የሚገባው ያንቺ ጣት ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። ብዙዎቹ ሁለቱን ይወስዱና ሦስተኛውን ይረሳሉ፤ ወይ ድርጅቱ ይቀየርና ካርዱ ይጠፋል። አሁን ቋሚ ሆነሽ ሳለሽ ጀምሪው። ካርዱን ሆስፒታል አታስቀምጪ፤ ቤት፣ ከልጆችሽ የክትባት ካርድ ጋር አድርጊው። 6ኛው ወር የሚውልበትን ቀን ደግሞ ለትልቋ ልጅሽ ንገሪያት፤ እሷ ታስታውስሽ።